«ቅጹ ያምራል፤ ጨዋታው ግን ይቆማል»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ሚና ጨዋታ መሣሪያዎች ናቸው፤ ስለ ገጸ ባሕርይ ቅጽ፣ ስለ መሪው መከለያ፣ ስለ ስልክ አፕ። አንዱ ደግሞ ሊጣላኝ ነው የጻፈው። እሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። በሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አብረው ታሪክ ይፈጥራሉ። አንዱ የጨዋታ መሪ ነው፤ ዓለሙንና ጭራቆቹን ይይዛል። ማስታወሻውን የሚደብቅበት፣ ሕጎችንም የሚለጥፍበት ፊቱ የሚቆም ታጣፊ ካርቶን መከለያ ይባላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይጫወታሉ፤ ችሎታውንና የደረሰበትን የሚመዘግቡበት ወረቀት ቅጹ ነው። ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። የሁሉም አባት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው፤ በ1974 ነው የታተመው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ቀን ቀን አፕ ዲዛይን አደርጋለሁ። የሰው ጣት የት እንደሚሄድ ማየት እንጀራዬ ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጨዋታ እመራለሁ። ስለዚህ እነዚህ ጥያቄዎች ሁለቱንም ጆሮዬን ያቆሙታል።

*«ጋሼ፣ የራሴን ጨዋታ እየሠራሁ ነው። የገጸ ባሕርይ ቅጹን ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ሁለት ገጽ ነው። ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ‹ምርጥ ነው!› አሉኝ። ጨዋታ ስንጀምር ግን በየተራው ‹የቱን ዳይስ ነው የምወረውረው?›፣ ‹ይሄ ነገር የት ነበር?› ይሉኛል። ያምራል ካሉ ምኑ ነው የጎደለው? የዩኤክስ ዘዴ ለወረቀት ይሠራል?» — ቅጽ ሠሪው*

ወንድሜ፣ ዩኤክስ ማለት አንድ ነገር ለሚጠቀምበት ሰው እንዲመች አድርጎ የመሥራት ሙያ ነው፤ ለወረቀትም በደንብ ይሠራል። እንዲያውም ወረቀት ይሻላል። ሲበላሽ ቀደህ ትጥለዋለህ፤ ነገ ሌላ ታትማለህ።

«ምርጥ ነው» ያሉህ ስለሚወዱህ ነው። እንዴት ነው ብለህ ስትጠይቅ የሚመልሱት ፊትህን እያዩ ነው። ስለዚህ አስተያየት አትጠይቅ። ሥራ ስጣቸውና ዝም ብለህ እይ።

እንዲህ አድርግ። ጨዋታህን የማያውቅ ሰው ጥራ። የተሞላ ቅጽ ስጠው። «ጭራቁ መታህ፤ 7 የሕይወት ነጥብ አጣህ» በለው። ወይም «በመስኮት ዘለህ ማምለጥ ፈለግህ፤ ምን ትወረውራለህ?» የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ለምነው። ከዚያ አፍህን ዝጋ። ከባዱ ይሄ ነው። ጣቱ የተሳሳተ ሳጥን ላይ ሲያርፍ «አይ፣ ወደ ታች» ልትል ምላስህን ይበላሃል። አትበል። ነገ ጨዋታህን የሚገዛው ሰው አንተን ከጎኑ አያገኝህም።

እያየህ ጻፍ። ጣቱ መጀመሪያ የት ሄደ? የቱን ቃል ሁለቴ አነበበ? መቼ ቀና ብሎ አየህ? ይህን የመጨረሻውን በተለይ ያዝ። ሰው ቀና ብሎ የሰው ፊት የሚፈልገው ወረቀቱ መልስ ሲነሳው ነው። ቀና ባለ ቁጥር ከቅጹ አጠገብ ምልክት አድርግ። ማታ ላይ ምልክቶቹ የተሰበሰቡበትን ጥግ ስታይ ማንም ሳይነግርህ በሽታውን ታገኘዋለህ።

ስንት ሰው ይበቃል ትለኝ ይሆናል። በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 የጻፈው ጽሑፍ 5 ሰው ይበቃል ይላል። አምስቱ አብዛኛውን ችግር ያሳዩሃል፤ አስተካክለህ ደግሞ ሌሎች አምስት ትጠራለህ። እዚህ ላይ ግን የኛ ጨዋታ አንድ ወጥመድ አለው። አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ 5 ተጫዋቾች እንደ 5 ሰው አይቆጠሩም። አንዷ ፈጣን ናት። «እዚህ ጋ ነው» ትላለች፤ በቃ፣ አራቱም አወቁ። አንተ ቅጹ ያስተማራቸው ይመስልሃል፤ ያስተማረቻቸው ግን ልጅቷ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ በአንድ ሞክራቸው። የጠረጴዛውን ሙከራ ለኋላ አቆየው። እሱ የሚያሳይህ ሌላ ነገር ነው፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ ወሬው የት ላይ እንደሚቋረጥ።

አሁን ወደ ቅጽህ ልምጣ። ሳላየው ልገምት? ከላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም አለ። የሕይወት ነጥብ መሀል ላይ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተወሽቋል። ልክ ከሆንኩ አትደነቅ፤ ብዙ ቅጽ እንዲህ ነው። ገጸ ባሕርዩ በሚፈጠርበት ቅደም ተከተል ነው የሚደረደረው። ገጸ ባሕርይ የሚፈጠረው ግን አንድ ማታ ነው። የሚጫወቱበት ለወራት ነው። የዓይኑን ቀለም ከዚያ ወዲህ የጠየቀ አለ?

እንግዲህ በቅጹ ላይ ያለውን ሁሉ በትናንሽ ወረቀት ቆርጠህ ጻፈው። ሦስት ክምር አድርግ፤ በየደቂቃው የሚቀያየር፣ በየተራው የሚታይ፣ አንዴ ተጽፎ የሚረሳ። ክምሩን ግን አንተ አትለየው፤ ተጫዋቾችህ ይለዩት። የሚቀያየረው በቀላሉ እጅ የሚደርስበት ጠርዝ ላይ ይሁን፤ ሰፊ ቦታ ስጠው። በየተራው የሚታየው ጎላ ባለ ፊደል መሀል ላይ ይቀመጥ። የሚረሳው ወደ ጀርባ ገጽ ይሂድ። «ሁለቱንም ሥራ አንድ ገጽ እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ» ካልክ «ማዘርሺፕ» የተባለውን የጠፈር አስፈሪ ጨዋታ ቅጽ ፈልገህ እይ። አፈጣጠሩን ደረጃ በደረጃ ቅጹ ራሱ ይመራሃል፤ ከዚያ ያው ወረቀት ለጨዋታው ያገለግላል።

ያገለገሉ ቅጾችን አትጣል። ሰብስባቸው። ላጲስ ወረቀቱን ያሳሳበት ቦታ፣ ጠርዝ ላይ በእጅ የተጨመረ ማስታወሻ፣ አንዴም ያልተነካ ሳጥን፤ ሦስቱም ከማንኛውም መጠይቅ ይበልጥ ይናገራሉ። የሕይወት ነጥቡ ሳጥን ተፍቆ ተፍቆ ሊቀደድ ከደረሰ ሌላ መንገድ ሞክር። የቀረውን ነጥብ ከማስፈቅ የደረሰውን ጉዳት አስደምር። ወይም ትናንሽ ክቦች ደርድርና ተጫዋቹ እየሰረዘ ይሂድ። ወይም ጠርዙ ላይ ቁጥሮቹን ጽፈህ የወረቀት ክሊፕ አንሸራትበት። እኔ ክሊፑን እወደዋለሁ። ሲንሸራተት ሁሉም ያየዋል።

«የቱን ዳይስ?» ላልከው ደግሞ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የዳይሱን ቅርጽ ሳል። ባለ 8 እና ባለ 10 ገጽ ዳይስ ለአዲስ ሰው መንታ ናቸው፤ በደብዛዛ መብራት ለእኔም።

*«ሰላም ጋሼ። መሪ ሆኜ መጫወት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሕጉን ስለምረሳ ባለ 4 ገጽታ መከለያ ሠራሁ፤ ከመጽሐፉ ያገኘሁትን ሠንጠረዥ ሁሉ ለጠፍኩበት። አሁንም ግን መጽሐፉን ነው የማገላብጠው። እኔ ሳገላብጥ እነሱ ስልካቸውን ያወጣሉ። ምን ይሻለኛል?» — የማታዋ መሪ*

እህቴ፣ መከለያሽ ላይ ያለው ለመጽሐፉ ደራሲ አስፈላጊ የመሰለው ነው። አንቺ የምትፈልጊው አይደለም። የምትፈልጊውን ደግሞ አሁን ቁጭ ብለሽ ብታስቢ አታገኚውም።

በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ መጽሐፉ አጠገብ ባዶ ወረቀት አስቀምጪ። መጽሐፉን በከፈትሽ ቁጥር ምን ፈልገሽ እንደከፈትሽ በአንድ ቃል ጻፊ። ደግሞ ያንኑ ከፈለግሽ መስመር ጨምሪበት። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ አዲሱ መከለያሽ እሱ ነው። ብዙ መስመር ያለው በትልቅ ፊደል፣ ዓይንሽ ትይዩ ላይ። መስመር የሌለው ይውጣ፤ ምንም ያህል ቢያሳዝንሽ ይውጣ።

ልገምት ካልሽኝ ቀዳሚው ሕግ ላይሆን ይችላል። ስም ይሆናል። ተጫዋቾች ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ታሪክ የጻፍሽለትን ንጉሥ ትተው ስም ያላወጣሽለትን ዘበኛ ይወዳሉ። «ስምህ ማነው?» ይሉታል። አንቺ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያ ታያለሽ። ለዚህ የስም ዝርዝር ከማንኛውም የውጊያ ሠንጠረዥ ይበልጣል። የተጠቀምሽበትን እየሰረዝሽ፣ አጠገቡ ማን እንደሆነ ጻፊበት።

አደራደሩ ላይም አንድ ነገር ልበል። ኒልሰን በ1994 ባወጣቸው 10 መመሪያዎች አንዱ ሰው ከጭንቅላቱ ፈልጎ ከሚያስታውስ አይቶ ቢለይ ይሻላል ይላል። መከለያም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ነገር ግን አርባ ሳጥን ውስጥ አይቶ መለየትም ራሱ ፍለጋ ነው። ስለዚህ በፊደል ተራ አትደርድሪ፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ደርድሪ። አንዱ ገጽታ ለውጊያ፣ አንዱ ለጉዞ፣ አንዱ ለንግግር። ውጊያ ሲጀመር ዓይንሽ ከአንዱ ገጽታ መውጣት የለበትም። በ2019 የወጣው «ኦልድ ስኩል ኢሴንሻልስ» የተመሰገነውም በአዲስ ሕግ ሳይሆን በዚህ ነው። አብረው የሚፈለጉ ነገሮችን ፊት ለፊት በተገለጡ ሁለት ገጾች ላይ አስቀመጣቸው፤ ማገላበጥ ቀረ።

መከለያውን አግድም አድርገሽ ሥሪው፤ ዝቅ ይላል። ከፍ ያለ መከለያ ፊታቸውን ይደብቅብሻል። መሰልቸታቸውን ቀድሞ የሚነግርሽ ደግሞ ፊታቸው ነው፤ ስልኩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጀርባው ላይ ቆንጆ ሥዕል ካለ እሱን አንሺና እነሱ ደጋግመው የሚጠይቁሽን ለጥፊበት። ከመከለያሽ ጀርባ ትይዩ ሲውሉ የሚያነቡት ነገር ያግኙ።

*«ፕሮግራመር ነኝ። ሁሉንም የሚያሰላ አፕ ሠራሁ። አንድ ቁልፍ ስትነካ ዳይሱን ይወረውራል፣ ይደምራል፣ ጉዳቱን ይቀንሳል። ውጊያው በግማሽ ሰዓት አለቀ። ጓደኞቼ ግን ሁለት ጊዜ ተጠቅመው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ፈጣን መሆኑ ነው ጥፋቱ?» — ኮድ ጸሐፊው*

ፍጥነቱ ጥሩ ነው። የወሰድክባቸው ነገር ነው ጥያቄው።

አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርህ። በ1989 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሁለተኛ እትም «ታኮ» በሚባል ቁጥር ይጠቀም ነበር፤ ከጫማ ታኮ ጋር ዝምድና የለውም። ጥሩሩ ዜሮ የሆነ ጠላት ለመምታት በባለ 20 ገጽ ዳይስ ማውጣት ያለብህ ቁጥር ነው። የጠላት ጥሩር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይጠነክራል። ከዜሮ በታችም ይወርዳል። ታኮህ 17 ከሆነና የጠላትህ ጥሩር 3 ከሆነ፣ 17 ሲቀነስ 3፣ 14 ወይም ከዚያ በላይ መወርወር አለብህ። ጥሩሩ ከዜሮ በታች 3 ከሆነ ደግሞ 17 ሲቀነስ ነጌቲቭ 3 ትላለህ። በእኩለ ሌሊት፣ ዘንዶ ፊት ቆመህ። በ2000 ሦስተኛው እትም ነገሩን ገለበጠው። የጥሩር ቁጥር ወደ ላይ ያድጋል፤ ወርውር፣ የጀግናህን ጉርሻ (ለዚሁ ጀግና 3) ደምር፣ ቁጥሩ ላይ ከደረስክ ጠላትህን መታኸው። የመጀመሪያው ጠላት 17 ይሆናል፣ ሁለተኛው 23። አስላው፤ አሁንም 14 እና 20 ነው የሚያስፈልግህ። ዕድሉ ቅንጣት አልተለወጠም። መቀነሱ ብቻ ወደ መደመር ዞረ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

የተነሳላቸው መቀነሱ እንደሆነ ልብ በል። ዳይሱን ማንም አልነካባቸውም። አንተ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠቅልለህ ወሰድክ። ዳይስ በእጅ ማንቀጫቀጭ፣ መወርወር፣ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ሁሉም ትንፋሹን መያዝ፤ ጨዋታው ራሱ እኮ ይሄ ነው። አፕህ ዳይሱን ለእነሱ ይተውና የወጣውን ቁጥር ይቀበል። መደመሩን፣ መቁጠሩን፣ የተራ ቅደም ተከተሉን እሱ ይያዝ። እነዚህን ማንም አይናፍቃቸውም። አፕ የወረወረው ቁጥር ላይ ደግሞ ሰው ጥርጣሬ አያጣም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ 2 ከወጣ «ይሄ ነገር ያጭበረብራል» ይላሉ። የእጃቸው ዳይስ ያንኑ ቢያደርግ ዳይሱን ይሳደቡና ይቀጥላሉ።

ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ መልእክትም አብሮ ይቀመጣል። የአፕህን ተቀናቃኝ ሌላ አፕ አድርገህ አታስብ፤ የቡድን ቻቱ ነው። ስክሪኑ አንዴ ታይቶ የሚታወቅ፣ ታይቶ ወዲያው የሚተው ይሁን። ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሥራ።

የሚቀጥለውን ክፍል ኮድ ከመጻፍህ በፊት ደግሞ በወረቀት አጫውታቸው። ስክሪኖቹን በእጅህ ሳልና ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ። ተጫዋቹ «ቁልፉን» በጣቱ ሲነካ አንተ ቀጣዩን ወረቀት አቅርብለት። ኮምፒውተሩ አንተ ነህ። አንድ ማታ ትደክማለህ፤ ማንም የማይነካውን ቁልፍ ለመሥራት ከምታጠፋው ወር ግን ይሻላል።

*«ምልክቶቼን በቀይና በአረንጓዴ ለየኋቸው። አንድ ጓደኛችን ግን ይሳሳታል። ቀለም መለየት እንደሚያስቸግረው ቆይቶ ነገረን። ሌላ ምን ልጠቀም?» — ባለ ቀለሙ*

ቅርጽ ጨምርበት። ቀዩ ሦስት ማዕዘን፣ አረንጓዴው ክብ ይሁን። ቀይና አረንጓዴ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፤ በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴ መለየት ያስቸግረዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቅጽህን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አድርገው። ካልተለየህ ለእሱም አይለየውም። እና ለጓደኛህ ሲባል ብቻ እንደሠራኸው አትንገረው። ለሁላችሁም ነው የሚጠቅመው።

*«አንዲት ተጫዋቻችን ታሪኩ ሲያስጨንቃት ዝም ትላለች፤ ለመናገር ታፍራለች። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ?» — አሳቢዋ*

አለ። ጆን ስታቭሮፑሎስ በ2013 ያቀረበው የኤክስ ካርድ ነው። ወረቀት ላይ ትልቅ ኤክስ ትጽፊና ጠረጴዛው መሀል ታስቀምጪዋለሽ። ያልተመቸው ሰው ይነካዋል ወይም ያነሳዋል፤ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንደ ዲዛይነር ስመለከተው በጣም ይገርመኛል። ለመጠቀም የሚጠይቀው አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዓይናፋር ሰው ማብራሪያ ቢጠየቅ አይነካውም ነበር። የሁሉም እጅ የሚደርስበት ቦታ አድርጊው፤ መሪው ዘንድ ከተቀመጠ ፈቃድ መጠየቅ ይመስላል። አንቺ ራስሽ በቀላል ነገር ቀድመሽ ንኪው። ሌላ ሰው ሲነካው ካላየች እሷ የመጀመሪያዋ አትሆንም።

*«ይድረስ ለአምደኛው። ይህ የባንክ አፕ አይደለም! ልጅ ሆኜ መጽሐፉን ሳይገባኝ እያገላበጥኩ ያነጋሁት ሌሊት ነው ይህን ጨዋታ ያስወደደኝ። እናንተ ዲዛይነሮች ሁሉን ነገር አለስልሳችሁ፣ ለክታችሁ፣ መጠይቅ አስሞልታችሁ ምስጢሩን ትገድሉታላችሁ።» — ጥንታዊው ተጫዋች*

ጌታዬ፣ በግማሹ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ምስክር ልጥራልዎት። «ድሬድ» የሚባል አስፈሪ ጨዋታ አለ። ዳይስ የለውም። ጠረጴዛው ላይ የእንጨት ቁራጮች ተደራርበው የቆሙበት ግንብ አለ። ገጸ ባሕርይዎ ከባድ ነገር ሲሞክር ከግንቡ አንድ ቁራጭ መዝዘው ከላይ ያስቀምጣሉ። ግንቡ በእጅዎ ከፈረሰ ገጸ ባሕርይዎ አለቀለት። በየዋህነት «ስሕተት እንቀንስ» የሚል ዲዛይነር ቢመጣ የግንቡን መሠረት ያሰፋዋል። ያኔ ጨዋታው ሞተ። የእጅ መንቀጥቀጡ ነው ፍርሃቱ። እንዲህ ያለውን ችግር የሚነካ ባለሙያ ካለ እኔም አብሬዎት እጮህበታለሁ።

ግን አንድ ተጫዋች ጭራቁን አንገቱን ልያዘው ሲል መሪው የትንቅንቅ ሕግ ፍለጋ ማውጫና ምዕራፍ ሲያገላብጥ የትኛው ምስጢር ነው የሚጠበቀው? እርስዎ ያነጉበት ሌሊት ብቻዎን ነበሩ። እዚህ ሌሎች አራት ሰዎች እየጠበቁ ነው። መጽሐፉ ለብቻ ሲነበብ ጥልቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ግን ቶሎ ይመልስ። ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ናቸው፤ አንድ ገጽ ሁለቱንም ማገልገል ካልቻለ ሁለት ገጽ ይሁን።

ቀላል መሣሪያ ፍርሃትን ሲጨምርም አይቻለሁ። በ2017 የታተመው «ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ» ላይ የአደጋ ሰዓት የሚባል ነገር አለ። ክብ ይሳላል፤ 4፣ 6 ወይም 8 ቦታ ይከፈላል። አደጋው በቀረበ ቁጥር መሪው አንዱን ክፍል ያጠቁራል። ማንም ሕግ ማንበብ አያስፈልገውም። «ዘቦቹ ነቅተዋል» ከሚለው ጽሑፍ ሥር አንድ ነጭ ቦታ ብቻ ሲቀር ጠረጴዛው ዙሪያ የሚሆነውን ይዩት።

በመጠይቁ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ ረቱኝ። ጨዋታው እንዳለቀ «ከ1 እስከ 5 ስንት ትሰጡታላችሁ?» የሚል ወረቀት ማደል ስሜቱን ይገድለዋል፤ መልሱም አይረባም። እኔ በማግስቱ እደውልና «ትናንት ምን ሆነ?» እላለሁ፤ ሌላ ምንም አልጨምርም። ስለ ድልድዩና ስለ ከዳተኛው ዘበኛ ካወሩኝ ሌሊቱን የያዘው ታሪኩ ነበር። «ያ የቅጣት ነጥብ ይደመራል ወይስ አይደመርም ብለን ስንከራከር...» ብለው ከጀመሩ የትኛውን ገጽ ማስተካከል እንዳለብኝ አወቅሁ። እርስዎም ተጫዋቾችዎን እንዲሁ ይጠይቋቸውና የመለሱልዎትን ይጻፉልኝ። ብሸነፍም በሚቀጥለው ወር አወጣዋለሁ።